የማን ልክ ነው?

ውድ እትዬ፣

እንደምን ነሽ ብዬ ልጀምር አልኩና ተውኩት። ስልኬን ካነሳሽልኝ ስምንት ወር ሆነ፤ ደብዳቤ ቢያንስ ጆሮ ላይ አይዘጋም። ኬኩን ምድጃ ውስጥ ከትቼ ነው የምጽፍልሽ፤ አርባ ደቂቃ አለኝ።

የስፌት መኪናሽ ቆሞበት በነበረው ቦታ አራት ጉድጓድ ትቶ ሄዷል። መጥረጊያዬ እዚያ ሲደርስ ዞሮ ያልፋል። ከአልጋ ሥር አሁንም ቁልፍና ክር ይወጣል። ብቻዬን መብላት ለመድኩ ብልሽ ውሸት ነው፤ የለመድኩት ቆሜ መብላት ነው።

የዚያን ቀን ነገር ታውቂዋለሽ፣ በእኔ በኩል ያለውን ግን አልሰማሽም። ሐኪሙ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ከከለከለሽ ወዲህ በልደትሽ እንኳ ቢላውን ይዘሽ ለሌላው ስትቆርሺ ማየት አንገብግቦኝ ነበር። የባልሽ ቤተሰቦች ለመጀመሪያ ጊዜ እኛ ቤት ምሳ ሲመጡ አንቺም የምትበይው ኬክ ይኑር አልኩ። ቅቤውን አወጣሁና በልኩ ዘይት ጨመርኩ። እንቁላሉን አወጣሁና በልኩ ውሃ ጨመርኩ። አምስት ዓመት ሙሉ ኬክ ቤት ሠርቼ፣ የአንዱ ልክ ለሌላው የሚሆን መስሎኝ! መሃሉ ሰመጠ፣ ዙሪያውን ዘይት አነባ። አማትሽ ጣታቸውን በሶፍት እየጠረጉ «ይጣፍጣል» ሲሉ አንቺ ክንዴን ይዘሽ ማድ ቤት አስገባሽኝ።

«ማን ሥሪ አለሽ? አንቺ ልጅ፣ ልክሽን እወቂ!»

«ልኬን? መቼ ለክተሽኝ ታውቂያለሽና!»

እንዲያ አልኩሽ። እናታችን ከሞተች ጀምሮ ከአንድ ጣቃ ሁለት ቀሚስ እየቆረጥሽ ላለበስሽኝ ላንቺ። አንድ ቀለም፣ አንድ ልክ፣ ያውም ያንቺው። «አንቺ ማለት እኔ ነሽ፣ መለካት ምን ያደርጋል?» ትይ ነበር። እጅጌው ሁልጊዜ ያጥረኛል። «እጀ ረጅም! ስኳር ስትሰርቂ ነው የረዘመው» ስትይኝ እስቅ ነበር። በሳምንቱ ከባልሽ ጋር ስትሄጂ ሻንጣሽን እስከ መኪናው ተሸክሜ ትንፍሽ ሳልል ተመለስኩ። ኩራት አልነበረም እትዬ። አፌን ብከፍት አልቅሼ አስቀርሽ ነበር።

ከዚያ እልህ ያዘኝ። የኬክ ቤቱን ባለቤት ታስታውሺያቸዋለሽ፣ ጋሼ ስኳርን፤ ስኳር ስላለባቸው የሚሸጡትን የማይቀምሱትን። ጠዋት ቀድሜ እየገባሁ እንድሞክር ለመንኳቸው።

«ወተት የለ፣ እንቁላል የለ፣ ቅቤ የለ። ታዲያ ምን ይዞት ይቆማል?»

«ትዕግሥት» አልኳቸው። ትዕግሥት ደግሞ ከመቼ ወዲህ! በእንቁላሉ ፈንታ ያስገባሁት ሙዝ ሲበዛ ሊጥ ሆኖ ይቀራል፣ ኮምጣጤው ሲበዛ ይሸታል። ስድስት ኬክ ጣልኩ። ሽምብራ የተቀቀለበት ውሃ በደንብ ሲመታ እንደ እንቁላል ነጭ አረፋ እንደሚሠራ የደረስኩበት ጠዋት ጎድጓዳ ሳህኑን አናቴ ላይ ገልብጬ ያዝኩት፤ አንድ ጠብታ አልወረደም። «ፀጉርሽ!» የሚለኝ ሰው ፈልጌ ዞር አልኩ። ማንም አልነበረም።

አሁን ማክሰኞና ቅዳሜ የኬክ ቤቱ መስታወት ውስጥ የእኔ ኬክ ይቀመጣል። ደንበኞች «ያ ምንም የሌለበት» ነው የሚሉት። አበባ የለው፣ ሮዝ ክሬም የለው፤ ጠርዙ ላይ የብርቱካን ልጣጭ ብቻ። አንድ ቀን ጋሼ ስኳር ለአንዲት ሴትዮ «ይሄማ የእሷ ነው፣ ያስታውቃል» ሲሉ ሰማሁ። ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ የእኔ መሆኑ የሚያስታውቅ ነገር ኖሮኝ አያውቅም።

ያን ዕለት ስወጣ በመስታወቱ ራሴን አየሁት። ያንቺን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሻለሁ፣ እጅጌው ከአንጓዬ በላይ። ሄጄ ጨርቅ ገዛሁ፤ የሰናፍጭ ቀለም፣ «የበሽተኛ ቀለም» የምትይውን። ወደድኩት፣ ምን ታደርጊኛለሽ! ጥግ ላይ ያለው ልብስ ሰፊ «ልክሽ?» ሲለኝ በቃሌ ወረድኩት፤ ትከሻ አርባ አንድ፣ እጅጌ ሃምሳ ስድስት። ከላይ እስከ ታች አየኝና፣

«እህቴ፣ ይሄ የማን ልክ ነው?» አለኝ።

ቆሜ አለቀስኩ። ሰውዬው በስፒል የወጋኝ መስሎት ደነገጠ። ከዚያ ቀስ ብሎ ለካኝ። ለካስ ትከሻዬ ካንቺ በአራት ሴንቲ ይጠባል። እጄም አልረዘመም እትዬ፤ እጅጌው ነው ያጠረው።

ጨርቁን ግን አላስቆረጥኩትም። መቀሱን ሲያነሳ «ይቅር» ብዬ ጨርቄን ነጠቅኩት። ሌላ ሰው እንዲቆርጥልኝ አልፈልግም። ከደብዳቤው ጋር ታገኚዋለሽ።

ተመለሺ አልልሽም፣ ትዳርሽ ነው። ቤቱ ግን ያለ አንቺ ሰፍቶኛል። የዚያን ቀን ማድ ቤት ውስጥ ላልኩሽ ይቅር በይኝ። ኬኩ መንገድ አይችልም፤ የመጣሽ ቀን የመጀመሪያውን ቁራሽ አንቺ ትበያለሽ፣ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል። ጨርቁን ስትቆርጪ ግን ራስሽን ሳይሆን እኔን እያሰብሽ ቁረጪው። ልክሽን እወቂ ብለሽኝ ነበር። ይኸው አወቅሁት፤ ልኬን ልኬልሻለሁ።

ያንቺው እጀ ረጅም

ትከሻ 37
እጅጌ 60
ወገብ 72