በስልክ ያስጻፍኩት ፕሮግራም

ዓርብ፣ ጥር 9 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ ወልድያ

ምን ነካኝ! ካልኩሌተሬ የተማሪ አማካይ ውጤት በራሱ እንዲያወጣ ፕሮግራም ሠርቼለት ነበር። መርሳ የሚያስተምረው ጓደኛዬ ይመርም ያው ዓይነት ካልኩሌተር ስላለው፣ ፕሮግራሙን በስልክ ላስጽፈው ዛሬ ቴሌ ሄድኩ። «ሰባ ሦስትን ያዝ፣ ወደ ስድስት ተመለስ» እያልኩ ግማሽ ላይ ስደርስ፣ «ቀስ በል፣ የመጨረሻው አልተሰማኝም» አለኝ። ደገምኩለት።

«አንተ፣ እኔ እኮ ምንም አላልኩም» አለ ይመር።

ስልኩን ዘጋሁት። ቤት ገብቼ በሩን ቀረቀርኩ። ራሴ ደህንነት ቢሮ ሄጄ ምስጢራዊ መልእክት አይደለም ብዬ ልንገራቸው ይሆን? ማን ያምነኛል? ያ ስልካችንን ጠልፎ ሲያዳምጥ የነበረው ሰውዬ የጻፈው ግማሹን ነው። ግማሹ ደግሞ አማካይ አያወጣም፤ እነሱ የፈለጉትን ነው የሚያወጣው።