በቁልቁለቱ ያበጀኸው የብስክሌት መንገድ

ሙልዬ፣ የኔ ዓለም፤

ከተለየኸኝ ሦስተኛው ክረምት እየወጣ ነው። ለሥራ ወደ ሲማዳ ወርደህ ስትሰነብት በነጋዴ እጅ የምልክልህ ወረቀት ሁሉ «እንደምን ሰንብተሃል» ብሎ ነበር የሚጀምረው። አሁን መልሱን ከማን እጠብቃለሁ? ስለዚህ የእኛን ልንገርህ። ሰላማዊት ትምህርት ቤት ገብታለች። የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል፤ ስትስቅ አፏን በእጇ ትከልላለች። የማጀቱ ግድግዳ አምና በዝናብ ተንዶ ጎረቤት ተረባርቦ መረገልኝ። አንተ የተከልኸው ኮክ ዘንድሮ አፈራ። ፍሬው ትንሽና ጎምዛዛ ነው፤ ልጅህ ግን «የአባዬ ነው» እያለች ለማንም አታስነካም።

እኔም እዚያው ትምህርት ቤት እያስተማርሁ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ጥቁር ልብሴን ሲያዩ ልጆቹ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። አሁን ለምደውኛል። ያልለመድሁት እኔ ነኝ።

ዛሬ ልጽፍልህ የተነሣሁት ስለ ብስክሌትህ ነው።

ያን ጥቁር ብስክሌት ከደብረ ታቦር በጭነት መኪና አናት ላይ አስረህ ስታመጣው ትዝ ይለኛል። መካነ ኢየሱስ ገበያው ዳር ስታወርደው ሰው ከቦህ ይስቅ ነበር። «ጤና ረዳቱ አብዷል፤ በቅሎ እንኳ እየተንሸራተተች በምትወርድበት ገደል በሁለት ጎማ ሊሄድ ነው» አሉ። አልተሳሳቱም። መጀመሪያ ላይ አንተ ከተቀመጥህበት ይልቅ እሱ አንተ ላይ የተቀመጠበት ይበዛ ነበር፤ ዳገቱን በትከሻህ ተሸክመኸው ትወጣና ጉልበትህ ተልጦ ቤት ትገባለህ። እኔ ቁስልህን በጨው ውኃ እያጠብሁ ስቆጣህ፣ «የጣለኝ ቁልቁለቱ አይደለም፤ ድንጋዩ ነው፤ ድንጋይ ደግሞ ይነሣል» ትለኝ ነበር።

እውነትም አነሣኸው። ወደ ሲማዳ የሚወርደውን የበቅሎ መንገድ እየተከተልህ፣ በወረድህ ቁጥር ጥቂት ድንጋይ ታነሣለህ፤ ጎርፍ የሸረሸረውን ትሞላለህ፤ መታጠፊያው በጠበበበት ቦታ ጥግ ጥጉን ልታልፍ ባለ ማሳውን ትለምናለህ። ገበሬዎቹ ዳር ቆመው ያዩህ ነበር። ኩፍኝ የገባ ጊዜ ግን በረዶ የያዘውን የክትባት ዕቃ በጀርባህ አዝለህ፣ በእግር ቀኑን ሙሉ የሚያስኬደውን መንገድ ፀሐይ ሳትበረታ ጨርሰህ ልጆቻቸውን ስትከትብላቸው፣ በማግሥቱ ዶማቸውን ይዘው ወጡ። መንገዱ መንገድ የሆነው ያኔ ነው።

እኔንም አስተማርኸኝ። እሑድ እሑድ ሱሪህን አስለብሰኸኝ፣ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ኮርቻውን ከኋላ ይዘህ እየሮጥህ። ከቅዳሴ የሚመለሱ ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆሙ። አንዷ «እንግዲህ መምህሯም ገለባ የማትበላ በቅሎ አገኘች» ብላ ሁሉንም አሳቀቻቸው፤ አንተም ከእነሱ ጋር ስትስቅ ኮርቻውን ለቀቅኸብኝና አጥሩ ላይ ወጣሁ። «ድንጋዩን አትይው፤ የምታልፊበትን እይ። ጎማው የሚከተለው ዓይንሽን ነው» አልኸኝ። ድንጋዩን እያየሁ ስንት ጊዜ ወደቅሁ።

ከዚያ ወዲያ ከኋላህ ተቀምጬ እስከ ቁልቁለቱ አፋፍ እንሄድ ነበር። ብስክሌቱን ሣሩ ላይ አጋድመን፣ የሲማዳ ሸንተረሮች እየደበዘዙ ሲርቁ እያየን፣ የባቄላ እሸት እንበላለን። ብዙ አናወራም። አሁንም ቤቱ ዝም ያለ ነው፤ ይኸኛው ዝምታ ግን ያኛው አይደለም።

ከዚያ ድርቁ መጣ። ከታች ያለው ሰው ማሳውን ጥሎ እዚያው ታች ወደ ተከፈተው የርዳታ መጠለያ ተሰበሰበ፤ ተስቦም አብሮ ገባ። አንተ እየወረድህ ትሰነብት ጀመር። ስትመለስ ልብስህን ከበር ውጭ አውልቀህ በፈላ ውኃ ትቀቅላለህ፤ ሳትታጠብ ሰላማዊትን አታቅፋትም። «ይብቃህ፤ ሌላ ሰው ይላኩ» አልሁህ። «ማንን?» አልኸኝ።

ያን ቀን ከትምህርት ቤት ስወጣ ከሜዳው ወዲያ ማዶ አየሁህ። ዳገት የለ፣ ድንጋይ የለ፣ አንተ ግን በእግርህ ነበርህ። ብስክሌቱን ተደግፈህ ነበር የምትመጣው። ሜዳ ላይ በእግርህ ስትሄድ አይቼህ አላውቅም። የልጆቹን ደብተር እዚያው በትኜ ሮጥሁ። ስደርስብህ መሪውን እንደ ጨበጥህ ቆመህ «አትጠጊኝ፤ ልብሴን ሳላወልቅ አትጠጊኝ» አልኸኝ። ፊትህ እሳት መስሎ ነበር። ተጠጋሁህ።

የሆነውን ሁሉ ታውቀው እንደሆነ አላውቅም፤ ትኩሳቱ ራስህን አስቶህ ነበር። ይዘህ የወረድኸውን መድኃኒት ሁሉ እዚያው ጨርሰኸው ለራስህ አላስቀረህም። ጎረቤቶቻችን ጸበል አመጡ። ወደ ደብረ ታቦር ልንወስድህ አውቶቡስ እስኪመጣ ጠበቅን። አውቶቡሱ መጣ፤ አንተ ግን በዚያው ጠዋት አርፈህ ነበር። ሾፌሩ ነገሩ ገብቶት ሞተሩን አጠፋና ኮፍያውን አውልቆ ከሰዎቹ ጋር ቆመ። በቀብርህ ከታች የመጡ ሰዎች ነበሩ። ረሃብ የጣለው ሰው ያን ዳገት እንዴት እንደ ወጣው እስካሁን ይገርመኛል።

ብስክሌትህን ጓዳ አስገብቼ በጋቢህ ሸፈንሁት። የቀበሌው ሊቀ መንበር ለመልእክተኛ ይሁነን ብሎ መጣ፤ እምቢ አልሁ። ሊገዛው የመጣ ነጋዴም ነበር፤ እሱንም መለስሁት። ጎማው ቀስ እያለ ተነፈሰና መሬት ነካ። እኔም አልነካሁትም።

በግንቦት እትዬ ደብሬ መጡ። ከቁልቁለቱ ግርጌ ያሉት፣ ኩፍኝ የያዘው ልጃቸው በእጅህ የዳነላቸው ናቸው። በድርቁ ጊዜ ከቀያቸው ተነቅለው ሠፈራ ሄደው ኖሮ ሞትህን የሰሙት አምና ሲመለሱ ነው። «ለቅሶ ሳልደርስሽ ቀረሁ» ብለው ደጄ ላይ እንደ አዲስ አለቀሱ፤ እኔም አብሬ አለቀስሁ። ዕንባችን ጋብ ሲል «መንገዱን እንግዲህ ሣር በልቶታል» አልኋቸው።

«ኧረ የለም፤ ወንዶቹ ክረምት በወጣ ቁጥር ድንጋዩን ያነሡታል» አሉኝ።

«ለማን ብለው?»

«ለሚመጣው ነዋ።»

እንደ ተራ ነገር ነበር የተናገሩት። እኔ ግን ከሄዱ በኋላ ጓዳ ገብቼ በጋቢው ፊት ቆምሁ። እነሱ በረሃብና በሠፈራ መካከል ሆነው መንገዱን ጠብቀው ሰው ይጠብቃሉ፤ እኔ ያንን መንገድ የሚሄደውን በጋቢ ሸፍኜ አስቀምጫለሁ።

በአንተ ቦታ የተመደበው ጤና ረዳት ደምስ ይባላል፤ የወገዳ ልጅ ነው፤ ዝምተኛ ነው። በእግሩ ወርዶ በእግሩ ይመለስ ነበር። ጠራሁትና ጋቢውን ገለጥሁለት። «እትዬ፣ እኔኮ ነድቼ አላውቅም» አለኝ። የተበሳውን የውስጥ ጎማ ለጠፍን፤ ሰንሰለቱን ዘይት ቀባን፤ ከዚያ በዚያው ሜዳ ኮርቻውን ከኋላ ይዤ ሮጥሁለት። እሱም እንደኔው ድንጋዩን እያየ ይወድቃል። ለእኔ የነገርኸኝን ልነግረው ጀመርሁና መካከል ላይ ድምፄ ተቆረጠ። ልጁ አስተዋይ ነው፤ ያልሰማ መስሎ ወደ ፔዳሉ ጎንበስ አለ።

ነሐሴ ላይ ከታች መልእክት መጣ፤ አንድ ሕፃን ተቅማጥና ትውከት ይዞት ሊያልቅ ነው ተባለ። ደምስ መድኃኒቱን በጀርባው አዝሎ ተነሣ፤ እኔም እስከ አፋፉ ሸኘሁት። ጀርባው ያንተን አይመስልም፤ አጠር ያለ፣ ትከሻው የሰፋ ነው። ቢሆንም የመጀመሪያውን መታጠፊያ ዞሮ ሲሰወርብኝ አንተን ሁለተኛ የቀበርሁህ መሰለኝ። በቀብርህ ዕለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞኝ ነበር። ያን ቀን ግን የሚይዘኝ ስላልነበረ ሣሩ ላይ ተቀምጬ እስኪወጣልኝ አለቀስሁ።

ደምስ በማግሥቱ ብስክሌቱን እየገፋ ዳገቱን ወጣ። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀዷል። «ልጁ ተርፏል» አለኝ።

ሙልዬ፣ ብስክሌትህን ሰጠሁ እንጂ አንተን አልሰጠሁም። አንድ የሚያስፈራኝ ነገር አለ፤ እሱንም ልንገርህ። ሰላማዊት መልክህን እየረሳችው ነው። ባለፈው «አባዬ ጢም ነበረው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጢም እንዳልነበረህ ነገርኋት፤ ጥቂት አሰብ አድርጋ «እሺ» አለችና ወደ ጨዋታዋ ሄደች። ገና ትንሽ ልጅ ሳለች ነው የሄድህባት፤ አልፈርድባትም።

መስቀል ሲያልፍ ሰዎቹ ለድንጋዩ ሲወጡ እጇን ይዤ አብሬያቸው እወርዳለሁ። የት እንደ ወደቅህ፣ ማን ማሳውን እንደ ለቀቀልህ፣ የትኛው መታጠፊያ ላይ አረፍ ትል እንደ ነበር አሳያታለሁ። ትንሽ ትንሹን ድንጋይ እሷ ታንሣ፤ በየዓመቱም እንዲሁ። አባቷን የምታውቅበት ዕድሜ እስኪደርስላት ድረስ ለሁለታችንም የማስታውስህ እኔ ነኝ።

ያንተው ብርቄ