ኩላሊት ያልኩት በሽታ

ሐሙስ፣ መስከረም 8

ኩላሊት ነው አልኳት ባለቤቴን አስቴርን። አንዴ ከአፌ ወጣ።

ሐኪሙ ያለው የአጥንት መሳሳት ነው። ባለፈው ወር ባጃጁ ጉድጓድ ሲገባ ጀርባዬን ያመመኝ፣ ለካ የአከርካሪ አጥንቴ ተሰንጥቆ ነው። በአርባ ዘጠኝ ዓመቴ። ለአስም ብዬ ያለ ሐኪም ስንት ዓመት እየገዛሁ የዋጥኩት ክኒን ነው አጥንቴን የጎዳው። ወረፋው ላይ ከኔ ሌላ የነበሩት አሮጊቶች ናቸው። አንዷ፣ ልጄ እናትህን አምጥተህ ነው ወይ ቢሉኝ አዎ አልኩ።

ሐኪሙ ያዘዘኝ፦
- ከባድ ነገር አለማንሳት፣ እንጨት አለመፍለጥ። ሌላ ከተሰነጠቀ መጉበጥ ይመጣል
- ወተት፣ አይብ፣ ጎመን
- የጠዋት ፀሐይ፣ በእግር መሄድ
- ክኒኑን በአንዴ አለማቆም፤ እሱ ራሱ እያየ ይቀንስልኛል
- ለቤተሰብ መናገር

የመጨረሻው ላይ ነው የወደቅኩት።

ዓርብ 9

አስቴር ለኩላሊት ወተት ክልክል ነው ብላ ወተቴን ለጎረቤት ሰጠችው። አይብና ጎመንም ቀረብኝ። በምትኩ የገብስ ውኃ በጆግ። የምሠራው መዝገብ ቤት ነው፤ ፋይሉን እየተውኩ ስድስት ጊዜ ሽንት ቤት ተመላለስኩ።

ወንድሟ ከጃጁራ የላከው ግንድ በር ላይ ተጋድሟል። በኛ አገር ለመስቀል በዓል ማገዶውን የሚፈልጠው አባወራው ነው። ሰፈሩ ሁሉ ከጠዋት ጀምሮ ይፈልጣል። የኛ ግቢ ብቻ ዝም ብሏል።

ቅዳሜ 10

ባለሱቁ ሽኩር ገመድ ይዞ መጣ። የሱ የኩላሊት ጠጠር በሦስተኛው ቀን የወረደው ገመድ በመዝለል ነው አለ። አይ፣ ነገ እዘላለሁ አልኩት።

"ምን ትፈራለህ? መሬቱ ይችልሃል" አለኝ።

አስቴርም ልጄ ምሕረትም ቆመው ያያሉ። አንዴ ዘለልኩ። ጀርባዬ ላይ መርፌ የገባ መሰለኝ። ሽኩር አጨበጨበ። ደከመኝ ብዬ ገባሁና ግድግዳ ተደግፌ ቆየሁ። ለአንድ ውሸት ብዬ ልጎብጥ ነበር።

እሑድ 11

አስቴር ቤተክርስቲያን የጸሎት ርዕስ ሰጥታልኛለች፤ አልነገረችኝም። ሽማግሌዎቹ ወደ ፊት ጠሩኝ። እጅ ጫኑብኝ፣ ለኩላሊቴ ጸለዩ። የአንዱ እጅ ልክ የሚያመኝ ቦታ ላይ ሲያርፍ እንባዬ መጣ። ሰዉ ደስ አለው፣ መንፈስ የነካኝ መስሏቸው። አሜን አልኩ። ቀኑን ሙሉ ያቺ አሜን አልለቀቀችኝም።

ሰኞ 12

ከቢሮ ስመለስ የመጥረቢያ ድምፅ ከኛ ግቢ ነው። አስቴር ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ትፈልጣለች። ምሕረት ፍልጡን ትከምራለች። አንድ መንገደኛ፣ እዚህ ቤት ወንድ የለም እንዴ ብሎ አለፈ። አስቴር ቀና ሳትል፣ አለ፣ ታሞብኛል አለችው።

ሄጄ መጥረቢያውን ተቀበልኳት። እስከ ደረቴ አነሳሁት። ከዚያ መልሼ አስቀመጥኩት።

"ኩላሊት አይደለም" አልኳት።

ሁሉንም ነገርኳት። ክኒኑን፣ ስንጥቁን፣ አሮጊቷን ያልኳቸውን። ምሕረትም ሰማች። አስቴር ፍልጥ ላይ ተቀመጠች።

"በሽታው አይደለም ያናደደኝ። አራት ቀን ሙሉ እግዚአብሔርን የሌለብህን በሽታ ፈውስልኝ እያልኩ ስለምነው ነበር።"



ማክሰኞ 13

ጠዋት አስቴር፣ ለሽኩር ራስህ ትነግረዋለህ አለችኝ። ሊጠይቀኝ ብቅ ሲል ነገርኩት። የፈራሁትን አለ።

"ይሄማ የሴት በሽታ አይደል?"

አስቴር ከጓዳ ሰማችው።

"አጥንት የሌለው ወንድ ታውቃለህ ሽኩር?"

እሱም አፈረ መሰለኝ። ስለ ገመዱ ይቅርታ አለኝ፤ ይቅርታ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ከዚያ ጃኬቱን አውልቆ የቀረውን ግንድ ይፈልጥ ጀመር።

የቀረ፦
- እሑድ ለጉባኤው መናገር። አስቴር እኔ አልናገርልህም ብላለች
- ለአለቃዬ፣ የፋይል ካርቶን እንዳላነሳ
- ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም

ሽኩር ሲፈልጥ በር ላይ ቆምኩ። ወደ ገበያ የሚሄደው ሁሉ ያየናል፤ እሱ ሲፈልጥ፣ እኔ እጄን አጣምሬ። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። ገብቼ መቀመጥ ፈልጌ ነበር። አልገባሁም። ያለፈውን ሁሉ ሰላም አልኩ።