ብርድ ስለያዘው ሞተሬና ስለተከለከለው ጆንያ

ለክቡር አቶ ዋልልኝ፣
የጮራ ተሽከርካሪ ምርመራ ማዕከል ሥራ አስኪያጅ፣
ደብረ ታቦር

ክቡርነትዎ እንዴት ሰነበቱልን? የጉና ብርድ ሳያገኝዎ፣ ወንበርዎ ሳይጎረብጥዎ፣ ካፖርትዎ ሳይሳሳብዎ ጤናዎን ያብዛልዎ።

እኔ ጓንጉል አባተ ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ወጤን ራሴ እሠራለሁ፣ እንጨቴን ራሴ እፈልጣለሁ፣ የጭነት መኪናዬንም ራሴ እነዳለሁ። ትምህርቴ ከዳዊት ስላላለፈ ፊደሌ ቢንጋደድ ይታገሡኝ፤ መንገዴ ግን ተንጋዶ አያውቅም።

መኪናዬ ዳገት ስትወጣ ውሃዋ እየፈላ ቢያስቸግረኝ፣ መካኒኩ ደምሴ ቴርሞስታቷን፣ ማለት የሞተሩን ውሃ እስኪሞቅ አግታ የምትይዘውን ትንሽ በር፣ በአዲስ ቀየረልኝ። መፍላቱ ቀረ። በማግስቱ ግን የሞተር ምልክት ያለበት ቢጫ መብራት ከመሪው ፊት በራ። ደምሴ በኮምፒዩተር አየና፣ አባባ፣ አዲሷ በር ተከፍታ ቀርታለች፣ ሞተሩ በረደኝ ነው የሚለው፣ ደህናዋ ከባሕር ዳር እስክትመጣ ይታገሡ አለኝ።

የበረደው ይለብሳል። እኔም የጉና ሾፌሮች ድሮ እንደምናደርገው ራዲያተሯን በጆንያ ሸፈንኩላት። ሞተሯ ሞቀ፤ ከቀናት በኋላ መብራቱም ጠፋ። ደስ ብሎኝ ለዓመቱ ምርመራ ወደ እርስዎ መጣሁ። ምስጋናዬ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

አንደኛ፣ መርማሪዎ ወይዘሪት ኤሌኒ ጆንያውን አይተው፣ ባዕድ ነገር ተገኝቷል ብለው ስለጣሉኝ አመሰግናለሁ። ጆንያው እዚሁ ከጎረቤታችን ከሐሙሲት ገበያ የገዛሁት ነው፤ ባዕድነቱን ከእናንተ ሰማሁ።

ሁለተኛ፣ ጆንያውን አውልቄ ጥቂት ቀን ነድቼ ብመለስ መብራቱ በርቷልና በመብራቱ ጣሉኝ። ጆንያ ካለ በጆንያው፣ ጆንያ ከሌለ በመብራቱ፤ እንዲህ ያለ አድልዎ የሌለበት ፍርድ በዘመኔ አላየሁም።

ሦስተኛ፣ ዕቃዋ እስክትመጣ ጥቂት ቀን ስጡኝ ብዬ ብለምን፣ ለዚያ የሚሞላ ቅጽ የለንም አሉ። ይህንንስ ይሁን ብያለሁ።

ከሁሉ የሚልቀው የእርስዎ ምክር ነው። ወደ ጥግ ወስደው፣ አባቴ፣ አምፖሏን ይንቀሉና ይምጡ፣ ያልበራን ማን ያያል አሉኝ። ስለ መላዎ እግዜር ይስጥልኝ። ጥርሱን ላመመው ሰው አፉን ስፉለት የሚል ሐኪም እስኪነሣ ድረስ እርስዎን የሚስተካከል አዋቂ በአገራችን አይገኝም። እኔ ግን መኪናዬ እውነት ስለተናገረች ዓይኗን አላወጣም።

ቦሎውን የምፈልገው ለጌጥ አይደለም፤ ቃል አለብኝ። የወይዘሮ ትርንጎን ድንች ሳይበሰብስ ገበያ ላደርስ፣ ለደብራችን የጣራ ቆርቆሮ ላመጣ፣ ለጎረቤቴ ለሞገስ የሠርግ ዳስ እንጨት ከጋፋት ላጓጉዝ ተናግሬያለሁ። ልጆቼ ሌላ መኪና እንከራይልዎ ይላሉ። የእኔን ቃል ሌላ ሰው አይጭነውም፤ ዕዳዬን በገዛ እጄ እከፍላለሁ። አንድ ሌላም አለ፤ እሱ ለሚስቴ የገባሁት ነውና በአደባባይ አልዘረዝረውም።

ከወገቤ ጎንበስ፣ ከአንገቴ ቀና ብዬ እጅ የምነሣዎ፣
ጓንጉል አባተ

የረሳሁት፦ ወይዘሪት ኤሌኒ ይህች መኪና ያለ ቦሎ ከቆመችበት አንዲት ክንድ እንዳትነቃነቅ ብለው ፈርመው ሰጥተውኛል። ሕግ አክባሪ ነኝና አላነቃነቅኋትም። ወረቀቱ እጄ የገባው ከግቢዎ መውጫ በር መሐል ደርሼ ሳለ ነበር። የእርስዎ መኪና ከውስጥ መቅረቷን ሰምቼ አዝኛለሁ። እግር ግን ቦሎ አይጠየቅም፤ የማለዳው አየርም ለጤና ይበጃል ይላሉ።