የእማማ ድምፅ የነበረበት ሲዲ

ይድረስ በደቡብ አፍሪካ ለምትገኘው ለታናሽ ወንድሜ ለፈሪድ በድሩ፤

አሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ ናዲያስ ደህና ናት? ሱቁስ እንዴት ይዟችኋል? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን፤ አባባም ከጉልበቱና ከዓይኑ በስተቀር ደህና ነው። እኔ ግን አንጀቴ አርሮ ነው የምጽፍልህ። በስልክ ብናገርህ ኔትወርክ የለም ብለህ ስለምትዘጋው፣ ደብዳቤውን ወደዚያ ለምትመጣው ለጎረቤታችን ለዱንያ ሰጥቻታለሁ።

ለዓረፋ መጥተህ አገር ቤት ስትወስደን፣ የተከራየኸው መኪና ቴፕ ከሲዲ ሌላ አይቀበልም ብለህ ከአባባ ቁም ሳጥን አንድ ሲዲ አነሳህ። ሙዓዝ ሙዚቃ ቤት ወስደህ የነበረበትን አጥፍተህ ዘፈን ቀረጽክበት። ያ የእማማ መንዙማ የነበረበት ሲዲ ነው። የቀረጽክላትም አንተው ነህ! እየተደመሰሰ እንደገና የሚቀረጽበትን ሲዲ የመረጥከው እኮ፣ ሳል ባቋረጣት ቁጥር "አጥፋውና እንደገና ልበል" ስለምትልህ ነበር። በመጨረሻ ደስ ሲላት፣ ወደማይጠፋ ሲዲ እገለብጠዋለሁ አልክ። ሳትገለብጠው እሷ አለፈች፤ አላህ ይዘንላት።

አላወቅኩም እንዳትለኝ። እማማ ማንበብ ስለማትችል በእኔ የጥፍር ቀለም ቀይ ነጥብ አድርጋበት ነበር፤ ነጥቡ ዛሬም አለ። ዓይን የለህም? ከማጥፋትህ በፊት አንዴ ከፍተህ ብትሰማ ምን ነበረበት? ሙዓዝን ጠየቅኩት፤ በላዩ ከተቀረጸበት ወዲያ የድሮው አይመለስም አለኝ። መንገዱን ሁሉ ስናጨበጭብ የሄድነው በእናታችን ድምፅ ላይ ነው። አባባ እንኳ ከኋላ ተቀምጦ ያጨበጭብ ነበር።

አሁን በየሐሙስ ምሽቱ ዴኩን ከፍቶ ሲዲውን ይከታል። ዘፈን ሲመጣበት "ይሄ የሌላ ሰው ነው፤ ለውጠውብኛል" ብሎ ያወጣዋል። የጠረጠረው ማንን መሰለህ? ጎረቤታችንን ጋሽ ቦልቴን! ለልጃቸው ሠርግ ሲዲ ተውሰውን ስለነበር፣ በራቸው ድረስ ሄዶ "የሚስቴን ድምፅ መልስልኝ" አላቸው። ክፉ ቃል አልመለሱለትም። ቤታቸውን በረበሩ፤ ልጃቸው ተድራ የሄደችበት ተበላ ከተማ ድረስ ወረዱ። ያገኙትን ሁሉ በፌስታል ይዘው መጥተው፣ እኛ ሳሎን ከአባባ ጋር አንድ በአንድ ሲያዳምጡ ዋሉ። ሲዲዎቹን ስሰበስብ ነጥቡን ያየሁት ያኔ ነው።

አላስችል ብሎኝ ጋሽ ቦልቴን መንገድ ላይ ተከትዬ እውነቱን ነገርኳቸው። "ለሱ አትንገሪ። ልጁን ከሚጠላ እኔን ይጥላኝ" አሉኝ። በአንተ ፋንታ እኔ መሬት ገባሁ።

እሳቸው ቢችሉም እኔ አልችልም። ያኔ የቀረጽክበት አሮጌ ላፕቶፕ አንተ ጋ ነው፤ ክፈተውና ፈልግ። ካለ ላክልን። ከሌለ ለአባባ በራስህ አፍ ንገረው፤ ጋሽ ቦልቴንም ይቅርታ ጠይቅ። እስከዚያ ስልክህን አላነሳም።

ናዲያን ሳምልኝ፤ እሷ ምን አጠፋች! ጋሽ ቦልቴ፣ ይህን ሁሉ አድርገሃቸውም፣ ሰላም ብለውሃል። አባባም ሰላም ይልሃል። "ፈሪድ እዚህ ቢኖር ኖሮ ይህ ሲዲ አይጠፋብኝም ነበር፤ እሱ ለእናቱ ነገር ይጠነቀቃል፣ ብሏል በይው" ብሎኛል። ይኸው፣ አልኩህ።

እህትህ ሳቢራ በድሩ
ወላይታ ሶዶ፣ ነሐሴ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.