ስልክ የማይነካበት ጥያቄ

ውድ ጋሽ ገላና፣

እንደምን ሰነበቱ ብዬ ልጀምር አልኩና እጄ ተያዘ። እርስዎን አሁን እንዲህ ብሎ መጠየቅ ምን ይሉታል? ብቻ መልሱን ሳልነግርዎ መቀመጥ ስላልሆነልኝ ነው የምጽፈው።

ልጅዎን ሶረቲን ላገባ አስቤ ከአዳማ ወደ ባቱ የመጣሁበት ቀን ትዝ ይለኛል። መድኃኒት ቤትዎ ስገባ አንዲት እናት የሳል ሽሮፕ ይዘው ቆመዋል፤ እርስዎ ደግሞ ረጅሙን ወንዝ ካልነገሩኝ አይወጡም ብለዋቸዋል። "ዓባይ ነዋ! በሉ ልሂድበት፣ ልጁ እያሳለ ነው!" ብለው ተቆጥተው ወጡ። የገባ ሁሉ እንዲህ ነበር የሚሸኘው።

"አካም ጂርታ፣ ግባ" አሉኝና ገና ሳልቀመጥ፣ "ቀኗ ከዓመቷ የሚረዝም ፕላኔት?"

"ቬነስ!" አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

እርስዎ ጋ ግን የትክክለኛ መልስ ሽልማቱ ሌላ ጥያቄ ነው። "ፈረንጆቹ ፕላኔቶቹን ከአንዷ በቀር በጥንት አማልክት ስም ነው የሰየሟቸው። አንዷ የቷ ናት?"

"ኔፕቱን?"

"የባሕር አምላክ!"

"ሳተርን?"

"የእርሻ!"

"ዩራነስ?"

"የሰማይ! አይ አንተ፣ ሩቅ ሩቁን ነው የምታየው። በል ስልክ ሳትነካ፣ ሰው ሳትጠይቅ፣ መልሰህ ልጄን ውሰድ።"

አቤት ሲያናድዱኝ! ግን ሌላ አባት ቢሆን ዘሬን ነበር የሚጠይቀኝ። እኔም መንገዱን ሙሉ የተዘጋጀሁት ለዚያ ነበር። እርስዎ ስለ ዘሬ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ስለ ፕላኔት ጠየቁኝ። በእውነት እንደ እርስዎ ያለ ሰው አላየሁም። ለዚህ ነው ሶረቲ "ሞኝ፣ ጎግል አድርገውና እንገላገል!" እያለች ስትስቅብኝ ቃልዎን የጠበቅኩት።

ሳልመልስልዎ ታመሙ፤ ሰኔ ላይ ተለዩን። መቃብርዎ ላይ አፈር ሲመለስ እኔም አካፋ ተቀበልኩ። ያኔ መጣልኝ። እግሬ ሥር ነበረች፣ ጋሼ! ለማን ልናገር? አካፋውን ለቀጣዩ ሰው ሰጥቼ፣ ዞር ብዬ አለቀስኩ።

ሐዘኑ በረድ ሲል ለጥር የሠርግ ቀን ቆረጥን። ሚዜዎቼ ሽቶ እየረጩ በርዎ ላይ ቢለማመጡ፣ ትንሿ ልጅዎ ጋዲሴ በሩን ዘግታ ወይ ፍንክች አለች።

"ሽቶአችሁን ለራሳችሁ! ይትባረክ፣ አባባ የጠየቀህን መልስ። ካልመለስክ ሶረቲ አትወጣም!"

ሰዉ እያጨበጨበ በሳቅ አውካካ። ሚዜዬ መሳይ ስልኩን ሊያወጣ ሲል እጁን ያዝኩት።

"ምድር" አልኩ።

"አልሰማንም!"

"ምድር ናት፣ ጋዲሴ!"

ጭብጨባው ቆመ። ከበሩ ኋላ ሶረቲ ስታለቅስ ሰማኋት። ጋዲሴ መቀርቀሪያውን ቀስ አድርጋ ሳበች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

"አባባ ግባ ብሎሃል" አለችኝ።

ገባሁ፣ ጋሼ። ሽልማቱ ሌላ ጥያቄ ነው አይደል? ያቆዩልኝ።

ስልክ ያልነካው አማችዎ፣
ይትባረክ