ጋዙ ያመለጠበት ክዳን

ቅዳሜ፣ ጥር 16

ወንድሜ በላከልኝ፣ አረፋ እንዲሰጥ ጋዝ በሚሞላበት የብረት ቢራ ጆግ ውስጥ ያስቀመጥኩት ጠላ ዛሬም ያለ አረፋ ወረደ። ለባለቤቴ አባት «ነገ ከቢራ የማያንስ ጠላ አቀምስዎታለሁ» ብዬ ፎክሬያለሁ።

«ጠላ ከመቼ ወዲህ ነው ብረት የለመደ?» ብላ ባለቤቴ ሳቀችብኝ።

ተናድጄ ጋዙ የሚያመልጥበትን ለማወቅ ክዳኑን ዙሪያውን ሳሙና ቀባሁት። ሳሙናው በአንድ ጎኑ ተንፈቀፈቀ። ስፈታው የክዳኑ ጎማ በሙቀት ተኮማትሯል። ጆጉን እንደ ጋን በወይራ ያጠንኩት እኔው ነኝ! የተማረ ሰው እንዲህ ያደርጋል?

ከጆጉ ጋር የመጣውን መለዋወጫ ጎማ ገጥሜ፣ ጠላውን አቀዝቅዤ፣ ጋዙን እንደገና ሞላሁ። በሳሙና ብፈትነው አንዲት አረፋ አልወጣችም። ወደ አመሻሽ ለባለቤቴ ስቀዳላት አረፋው ከብርጭቆው አፍ አለፈ። በሠላሳ ዓመት የጥገና ሥራዬ እንዲህ የኮራሁበትን ቀን አላስታውስም።

ጨልጣው «ለአባባ ይተርፋል?» አለችና ብርጭቆዋን እንደገና ዘረጋችልኝ።